ሦስት ፕሮፎርማ ለአንድ ሣር

በዚህ ዓለም ላይ ሰው ሁሉ ወይ ገዢ ነው ወይ ሻጭ ይባላል። ሐሰት ነው። ሦስተኛ ወገን አለ፤ አወዳዳሪ። አወዳዳሪ አይገዛም፣ አይሸጥም፤ ያወዳድራል። ሽንኩርት ሊገዛ ይወጣና ገበያውን ከዳር እዳር ይዞራል። የመጀመሪያው ሽንኩርት እንደሚሻል ወስኖ ሲመለስ የመጀመሪያው ሽንኩርት በሌላ ሰው ድስት ውስጥ እየተቁላላ ነው። አያዝንም። «ቢያንስ ገበያውን አጥንቻለሁ» ብሎ ባዶ ዘንቢሉን ይዞ ቤቱ ይገባል። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አለ። የናንተን አላውቅም፤ የእኛ፣ የጉለሌዎቹ፣ ክቡር ጋሽ አጥናፉ ይባላሉ።

ጋሽ አጥናፉ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት የግዥ ክፍል ሠርተዋል። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ወይም በሩ ላይ የተጉላላ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የግዥ ክፍል ያለ ሦስት ፕሮፎርማ እስክሪብቶ አይገዛም። ከሦስት ነጋዴ ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ ይሰበሰባል፣ ኮሚቴ ይቀመጣል፣ ይወዳደራል፣ አሸናፊው ይለያል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ሌባ ይከለክላል። ችግሩ ጋሽ አጥናፉ ጡረታ ሲወጡ ቢሮውን አስረክበው ሕጉን ይዘውት መምጣታቸው ነው።

«ሁለት ፕሮፎርማ ፕሮፎርማ አይደለም» ይላሉ፣ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው፣ ነገረ ሃይማኖት እንደሚያስረዳ ሰው። የንስሐ አባት ሲመርጡ አንዱን ኃጢአት ለሦስት ቄሶች ተራ በተራ ተናዘዙ ይባላል። ቀላል ንስሐ የሰጡትን ቄስ ጥራታቸው ያጠራጥራል ብለው ጣሏቸው፤ ከባድ የሰጡትን አጋንነዋል አሉ፤ መካከለኛውን ወሰዱ። ሴት ልጃቸውን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎችን ደግሞ በክብር አስቀምጠው፣ ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ «መልካም፤ ሌሎች ሁለት እስኪቀርቡ እንጠብቃ» ብለዋቸዋል። ልጅቷ አግብታ ሐዋሳ ትኖራለች። ሽማግሌዎቹ ግን እስከ ዛሬ በዚያ በር አያልፉም።

የራሳቸው ትዳርስ? ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ ይህ ሲነሣባቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ። «እኔ ሦስተኛዋ ነበርኩ» ይላሉ፤ «ሁለቱ በሰዓቱ ሳይቀርቡ ቀሩ።»

ይህን ሁሉ የማወራው ሰምቼ ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ግጥም እጽፋለሁ እያልኩ፣ ከጋሽ አጥናፉ ቤት ቀጥላ ባለችው አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ግድግዳችን አንድ ነው። ሲያስሉ እሰማለሁ፤ ሲያወዳድሩም እሰማለሁ።

ግቢያችን ከጳውሎስ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ዳገቱ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ ግቢ ነው። ቤቶቹ ዙሪያውን፣ ሜዳው መሀል። ሜዳ የምለው ለስሙ ነው እንጂ ከላይ ወደ ታች ያዘነበለ ቀይ አፈር ነው፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ሳሙና። ላይኛው ጫፍ የእትዬ ሙሉ በር አለ። ታችኛው ጫፍ የእትዬ ሩቅያ የጓሮ በር። የእትዬ ሩቅያ ሱቅ ፊቱ ወደ መንገድ፣ ጀርባው ወደ እኛ ነው። ሁለቱ ሴቶች በዚህ ሜዳ ላይ ሲመላለሱ አርጅተዋል። ጨው ብለው ይሄዳሉ፣ ጨውን ረስተው ይመለሳሉ፣ እንደገና ጨው ብለው ይሄዳሉ። የአንዷን ጾም ሌላዋ ከራሷ በላይ ትቆጥረዋለች።

ያለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ እትዬ ሙሉ ወደ ሩቅያ ቤት ሲወርዱ መረማመጃው ድንጋይ አንሸራተታቸው። ዳሌያቸው ተሰበረ፣ ብረት ገባላቸው። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው ሁለት ነገር ነገራቸው። በየቀኑ ካልተራመዱ እንደተቀመጡ ይቀራሉ፤ ዳግመኛ ከወደቁ ደግሞ መነሣት የለም። ሁለቱን ቃል የሚያስታርቅ መሬት በግቢያችን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ዳገቱን የሚወጡት እትዬ ሩቅያ ብቻ ሆኑ። የአስር ሶላታቸውን ሰግደው፣ ሱቁን ለልጃቸው ለሙንዲር ትተው፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው እየደገፉ ይመጣሉ። እትዬ ሙሉ በራፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋቸዋል። ደስ ይላቸዋል፤ ግን ደስታው ውስጥ እሾህ አለበት። አንድ ቀን እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው። «ታቦት እንኳ በዓመት አንዴ ይወጣል። እኔ ግን ሰው ይሳለመኛል እንጂ ማንንም ሄጄ አልሳለምም።»

ጋሽ አጥናፉም ሰሙ። ሰምተውም ተነሡ። ምነው ባልተነሡ።

እንደ ሌላ ሰው ቢሆኑ ጠጠር ያፈሱ ነበር። ሚኒባስ ሾፌሩ ጎረቤታችን ኤርሚያስ ይህንኑ ሐሳብ አቀረበ፤ ከዘራ ጠጠር ላይ ይንሸራተታል ተብሎ ወደቀ። ሳንቃ ተባለ፤ ዝናብ ሲመታው አረንጓዴ ሽበት ያወጣል፣ እሱም ይጥላል ተባለ። ሲሚንቶ ተባለ፤ ድንጋይ አይደለም ወይ የጣላት፣ ሲሚንቶስ የድንጋይ ልጅ አይደለም ወይ አሉ። የሚያስፈልገው፣ አሉ ጋሽ አጥናፉ፣ መሬቱን የሚያለብስ፣ እግር የሚችል፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው።

እኔ በበኩሌ ተደነቅሁ። ሣር ሁሉ ለእኔ ሣር ነበር። ለካ ሣርም እንደ ሰው ነው፤ ሲረገጥ የሚሰበር አለ፣ ሲረገጥ የሚሰፋ አለ። ቀጥ ብሎ የሚቆመው ማደጊያው አናቱ ላይ ስለሆነ አንዴ ከተረገጠ አበቃለት። መሬት ለመሬት የሚሳበው ግን በየአንጓው ሥር ይሰዳል፤ አንዱን ቦታ ብትረግጠው በሌላው ቦታ ይኖራል። ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ አጥናፉ ናቸው። መስፈርቱንም አውጥተው በቃላቸው ይደግሙት ነበር፤ ቁመቱ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ፣ በየአንጓው ሥር የሚሰድ፣ ተረግጦ በማግሥቱ የሚነሣ፣ ሲረጥብ የማያንሸራትት፣ የጉለሌን ውርጭ የሚችል።

ከእትዬ ሙሉ በር እስከ እትዬ ሩቅያ በር ያለውን ሜዳ ለሦስት መደብ ከፈሉት። ከላይ የመጀመሪያው ተወዳዳሪ ገባ፤ ሰርዶ። ገበሬ የሚረግመው፣ ቢነቅሉት የማይነቀል፣ ቢያርሱት የማይሞት ሰርዶ። መሀል ላይ ሁለተኛው ገባ፤ ማገጥ፣ ያቺ ሦስት ሦስት ቅጠል ያላት፣ በክረምት ከብት የሚወዳት። ማታ ማታ ማገጧ ቅጠሎቿን እጥፍ አድርጋ እንደምትተኛ ያወቅሁ ቀን ስጮህ ግቢው ሁሉ ወጣ። ከሁለቱ የቱ ያምራል ብለው ጋሽ አጥናፉ ጠየቁኝ። ማገጧ ስትተኛ ለጸሎት የተጎነበሰች ትመስላለች አልኳቸው። በርኅራኄ አዩኝና «ውበት በመስፈርቱ ውስጥ የለም፣ ሮሐ» አሉኝ።

ሣሮቹ ከያዙ በኋላ የመርገጥ ፈተና ተጀመረ። የግቢው ሰው ሥራ ሲሄድ በሰርዶው፣ ሲመለስ በማገጡ እንዲያልፍ ታዘዘ። ኤርሚያስ በውፍረቱ ምክንያት ለብቻው ተመደበ፤ «ከባድ ተሽከርካሪ» የሚል ማዕረግም ተሰጠው። ተቀየመ። «ጋሼ፣ ከዚህ ቀጥሎ ሰሌዳ ሊለጥፉብኝ ነው?» አለ፤ እየተቀየመ ግን ረገጠ። አንድ ማለዳ ደግሞ መስኮቴን ስከፍት ጋሽ አጥናፉ የሚስታቸውን ከዘራ ይዘው፣ ግራ እግራቸውን እየጎተቱ፣ በሰርዶው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አንዳች ነገር መታቸው ብዬ በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ምንም አልሆኑም። ሚስታቸውን ሆነው እየተራመዱ ነው። «ከዘራ ከእግር ይከብዳል» አሉኝ፤ «ክብደቱን ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ነው የሚጥለው።» ከዚያ ወደ ማገጡ ዞሩ፣ እግራቸውን እየጎተቱ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ያስቃል። ያኔ ግን ሳቁ እያደር ጎመዘዘኝ። ምክንያቱም ሦስተኛው መደብ ባዶ ነበር።

ሦስተኛ ተወዳዳሪ ጠፋ። ከአንድ ችግኝ ጣቢያ የመጣ ሰፊ ቅጠል ያለው የፈረንጅ ሣር በኅዳር ውርጭ ነደደ። ሐምራዊ አበባ ያለው ድንክ ሐረግ መጣ፤ ውሃ ሲነካው እንደ ዓሣ አንሸራተተ፣ ተባረረ። አንዱ በተባረረ ቁጥር መደቡ እንደገና ይቆፈራል፣ ፍግ ይገባል፣ ይለሰልሳል። ገንፎ ሆነ። የሁለቱ ሣሮች ጫፍ ወደዚያ ሊሳብ ሲሞክር ጋሽ አጥናፉ በመቀስ ይቆርጡታል፤ ያልተመደበለትን ቦታ መያዝ ሕገ ወጥ ነው ይላሉ። እትዬ ሙሉ በርጩማቸው ላይ ሆነው ያያሉ። መስከረምን እዚያው አዩት፤ ገናን፣ ጥምቀትን፣ ፋሲካን እዚያው አዩት።

«አጥናፉ፣ ሰርዶው እኮ ይበቃኛል» አሏቸው አንድ ቀን።

«የሚበቃማ ለማንም ይገኛል» አሉ ጋሽ አጥናፉ። «ላንቺ የሚገባው የሚሻለው ነው።»

ግድግዳችን አንድ ነው ብያለሁ። ያን ቃል ሰምቼ ትራሴን ግድግዳው ላይ ወረወርኩ። ሰዎች ፍቅርን በብዙ ነገር ይመስሉታል፤ እኔም ሥነ ጽሑፍ ተምሬ ስወጣ ብዙ ምሳሌ ይዤ ወጥቻለሁ። ለሚሻለው ተብሎ ዓመት ሙሉ በርጩማ ላይ ማስቀመጥ ግን ከምሳሌዎቹ ውስጥ አልነበረም። ጠላት ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው ተው ይለው ነበር። ወዳጅን ማን ተው ይለዋል?

ግንቦት ላይ ነገሩ ጊዜ ተቆረጠለት። ሙንዲር ከከተማው ሌላ ጫፍ ቤት ሠርቶ ነበርና እናቱን ይዞ ሊገባ ነው። እትዬ ሩቅያ ወሬውን ይዘው ዳገቱን ወጡ። እትዬ ሙሉ ሰምተው መለሱላቸው።

«በእግሬ መጥቼ ነው የምሸኝሽ።»

«ምን አለፋሽ? እኔ እመጣ የለ እንዴ» አሉ እትዬ ሩቅያ።

«አንቺማ ትመጫለሽ። መምጣት ሥራሽ ሆኗል። ቤትሽ ሳይፈርስ፣ ደጃፍሽን ረግጬ፣ ገብቼ ነው የምሸኝሽ። ሰው እንዲህ ነው የሚሸኘው።»

ጋሽ አጥናፉ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚፈልጉት የጊዜ ገደብ እንደነበር አሁን ሳስበው ይገባኛል፤ ጨረታ ያለ መዝጊያ ቀን አይሆንም። ሦስተኛው ተወዳዳሪ ታያቸው፤ ጦስኝ። ለሻይ የምንቆርጠው፣ ከእንጦጦ ማርያም ኋላ በድንጋይ ላይ ተነጥፎ የሚበቅለው ጦስኝ። ፍየል ይረግጠዋል፣ ምእመን ይረግጠዋል፣ ውርጭ ያድርበታል፣ አይሞትም። እንዴት እስከ ዛሬ ረሳሁት ብለው ግንባራቸውን መቱ። እትዬ ሩቅያ የሚሄዱት እሑድ ነው። ጋሽ አጥናፉ ቅዳሜ ማለዳ ጆንያና ዶማ ይዘው ወደ ላይ ወጡ። ሌሊቱን ሲዘንብ ነበር ያደረው።

የጭነት መኪናው ግን የመጣው በዚያው ቅዳሜ ነው። ሾፌሩ እሑድ ሌላ ሥራ አለብኝ አለ፤ ሙንዲርም ዝናቡን ፈርቶ ተስማማ። ረፋድ ላይ የሱቁ መደርደሪያ ሲወጣ አይቼ ለጋሽ አጥናፉ ደወልኩ። መኪናው መጥቷል አልኳቸው። «ፍሪጁ ተጭኗል?» አሉኝ። አዎ፣ ተጭኗል አልኩ። ዘጉት። ፍሪጁ! ሚስታቸው ዓመት ሙሉ የጠበቁት ቀን በአናታቸው ላይ ሲፈርስ ሰውዬው ዕቃ ይቆጥራሉ። ስልኩን ይዤ በምሬት ቆሜ ቀረሁ።

ዞር ስል እትዬ ሙሉ ተነሥተዋል። ከዘራቸውን በቀኝ፣ እኔን በግራ ያዙ። በሰርዶው ላይ ወረድን፤ ጥሩ ነበር፤ እንደ ቁርበት ቻላቸው። በማገጡ ላይ ወረድን፤ አንዴ ከዘራው ሸርተት አለና ክንዴን ጨበጡ፤ አለፍን። ከዚያ ሦስተኛው መደብ ጫፍ ላይ ደረስን። ዓመት ሙሉ የተቆፈረው፣ ፍግ የጠጣው፣ ሌሊቱን የዘነበበት። ከዘራቸውን ሰደዱ፤ እስከ መሀሉ ሰጠመ። በግራም በቀኝም ያለው የዝናብ ውሃ ቦይ ሞልቶ ይወርዳል። የእትዬ ሩቅያ በር ከዚያ ማዶ ነው፤ ሳል ቢያስሉ ይሰማል። እትዬ ሩቅያ ወጥተው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል።

«ልምጣ» አሉ እትዬ ሩቅያ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው።

«እንዳትመጪ» አሉ እትዬ ሙሉ። «ይቺ የኔ ናት።»

ፍራሽ ተሸክሞ ያወርድ የነበረው ኤርሚያስ ፍራሹን ጥሎ መጣ። ጎንበስ አለ። «እትዬ ሙሉ፣ ልሸከምዎት» አላቸው።

«ልጄ፣ ከተሸከምከኝማ ዕቃ ነኝ» አሉት። «ዕቃ ከሆንኩ መኪናው ላይ ጫነኝ።»

ኤርሚያስ ቀና አለ። መኪናው ሞተሩን አስነሣ። በዚያን ጊዜ የውጭው በር ተበርግዶ ጋሽ አጥናፉ ገቡ፤ ጆንያው በትከሻቸው፣ ዶማው የለም፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ። እንዲህ ሲያለከልኩ አይቻቸው አላውቅም። ማንንም ሰላም አላሉም። በቦዩ ውስጥ ገብተው ተሻገሩ፣ መደቡ ጫፍ ላይ ተንበረከኩ፣ የጆንያውን አፍ ፈቱና ጦስኙን በእቅፍ በእቅፍ እያወጡ ጭቃው ላይ ጎዘጎዙት። ለበዓል ቄጤማ እንደሚጎዘጎዘው፣ ከሚስታቸው እግር ሥር ጀምረው ወደ ኋላ እያፈገፈጉ፣ እስከ እትዬ ሩቅያ ደጃፍ። ሳስቶ ያዩት ቦታ ላይ ይደርባሉ፣ በመዳፋቸው ይጫኑታል፣ ያፈገፍጋሉ።

ሲጨርሱ «ነይ» አሏቸው።

እትዬ ሙሉ እጄን ለቀቁኝ። ከዘራቸውን ሰደዱ፤ ያዘ። እግራቸውን አስከተሉ። በየእርምጃቸው የጦስኙ ሽታ ከእግራቸው ሥር ተነሥቶ ግቢውን ሞላው፤ የመኪናው ጭስ ጠፋ፣ የፍጉ ሽታ ጠፋ። ደጃፉን ረገጡ፤ ገቡ። ቤቱ ባዶ ነው፤ ሚስማሮቹ ብቻ ግድግዳው ላይ ቀርተዋል። እትዬ ሩቅያ እንግዳ ገብቶባቸው የሚያቀርቡት አጥተው ዙሪያቸውን አዩ፣ ኪሳቸው ገቡና ሁለት ተምር አገኙ። የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው ጎን ለጎን ተቀምጠው በሉ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሾፌሩ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ ነው የተቀመጡት።

አሁን ሐምሌ ነው፤ ውድድሩ ተጠናቋል። ማገጥ ሲረጥብ ያንሸራትታል ተብሎ ወደቀ። ሰርዶ አሸንፎ ሦስቱንም መደብ አልብሷል። እትዬ ሙሉ በየቀኑ ይራመዱበታል፤ እስከተቆለፈው በር ወርደው፣ በሩን በመዳፋቸው ነክተው ይመለሳሉ። ሣሩ እንደ ፍራሽ ነው፤ የሠራዊት እግር ይችላል። የሚረግጠው ግን የአንዲት አሮጊት እግር ነው፤ ያውም የሚሄዱበት ቤት የሌላቸው። መልካም ምርጫ ነበር። ዘገየ እንጂ።

ይህን የምለው ጋሽ አጥናፉን ለማማት ነው። አንብበው ቢቀየሙኝም ግድ የለኝም። ግን የዚያን ቅዳሜ መጨረሻ ካልነገርኩ ሐሜቱ ጎዶሎ ይሆናል።

መኪናው ሄዷል። እትዬ ሙሉ በባዶው ቤት ደጃፍ ሣጥኑ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ጋሽ አጥናፉ ባዶውን ጆንያ ይዘው መደቡ ዳር ቆመዋል። ጭቃ ውስጥ ከገባው ጦስኝ አንድ ዘለላ አነሣሁ። ከግንዱ የተገነጠለ ነው። ሌላ አነሣሁ፤ እሱም እንደዚያው።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ ሥር የለውም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እንዴት ሊይዝ ነው?»

«አይይዝም» አሉ። መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ፤ መዳፋቸው በየቦታው ተሰነጣጥቆ ደምቷል። «ከነሥሩ መቆፈር ጀምሬ ነበር። ፍሪጁ ተጭኗል አልሽኝ። ከፍሪጅ በኋላ የሚቀረው ፍራሽና ባልዲ ነው። ለመቆፈር አይደርስም፤ ለመገንጠል ይደርሳል።»

ዘለላውን ጭቃው ላይ መለስኩት። ይህ ሰው በሕይወቱ ያላወዳደረውን አንድ ነገር፣ እንደማይበቅል እያወቀ፣ ጆንያ ሙሉ ተሸክሞ እንጦጦን በሩጫ ወርዷል።

ጆንያውን አጥፈው ብብታቸው ሥር አደረጉ። ከዚያ ሚስታቸውን ሊደግፉ ወረዱ፤ በጭቃው መሀል፣ የት እንደሚረግጡ ሳይመርጡ።